ስለሚናገርና ስለማይሰማ መምህር

የመምህርነት ሥራ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው መናገር ነው፤ ሁለተኛው መስማት ነው። ሰው ግን ስለ መምህር ሲያስብ አብዛኛውን ጊዜ ፊተኛውን ብቻ ያያል። «እገሌ አንደበቱ የቀና ነው፤ ሲያስተምር ቃሉ ይጥማል» ተብሎ የተመሰገነ መምህር ብዙ ነው፤ «እገሌ ደቀ መዝሙሩ ሲሳሳት ከየት ላይ እንደ ሳተ ሰምቶ ያውቃል» ተብሎ የተመሰገነ ግን ጥቂት ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት የንግግር ክብር በጉባኤ ፊት የሚታይ ሲሆን፣ የመስማት ድካም በመምህሩና በአንዱ ተማሪ መካከል ተሰውሮ የሚቀር ስለሆነ ነው።

ድምፅንና ሥዕልን የሚቀርጹ፣ ቀርጸውም ከሩቅ አገር የሚያደርሱ መሣሪያዎች ወደ ትምህርት ቤት በገቡ ጊዜ፣ ይህ ተሰውሮ የኖረው ክፍል ዋጋው ምን ያህል እንደ ነበረ ተገለጠ። መሣሪያው የመናገሩን ሥራ አንዳንድ ጊዜ ከሰው አስበልጦ ይሠራዋልና፤ የመስማቱን ሥራ ግን አልነካውም። እንግዲህ የሚጠየቀው ነገር ይህ ነው። የሚናገር እንጂ የማይሰማ ነገር በመምህር ወንበር ላይ ቢቀመጥ፣ ወደ ኋላ ስለሚቀረው ልጅ የሚጠየቀው ማን ነው? ጥያቄው የባለ እጅና የመሐንዲስ ጉዳይ ይመስላል፤ ጠልቀው ሲመለከቱት ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

በኢትዮጵያ ትምህርትን በራዲዮ መስጠት ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ነው። ያ ግን በመምህሩ ላይ የተጨመረ ረዳት ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ነገር ከዚያ የተለየ ነው። በዚያ ዓመት መንግሥት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉት ተማሪዎች እንደ ሒሳብ፣ እንደ ፊዚክስ፣ እንደ ኬሚስትሪ፣ እንደ ባዮሎጂና እንደ እንግሊዝኛ ያሉትን ትምህርቶች በሳተላይት ማስተላለፍ ጀመረ። በየክፍሉም ሰፊ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ቆመ፤ ሕዝቡም ነገሩን ሁሉ በአንድ ቃል «ፕላዝማ» ብሎ ጠራው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ በብዛትም በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ነበር። የሚተላለፈውም በተቈረጠለት ደቂቃ ስለሆነ፣ መሣሪያው በደረሰበት አገር ሁሉ ያለው የ9ኛ ክፍል ልጅ በአንድ ሰዓት አንዱን ትምህርት ይሰማ ነበር። ከጦሳ ተራራ ሥር ባለችው በደሴ ብርዱ ሲወርድ፣ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቆላው በኩል በቦርከና ዳር ባለችው በኮምቦልቻ ሙቀቱ ሲበረታ፣ በሁለቱም ከተማ ያው ድምፅ በዚያችው ደቂቃ ያንኑ ቃል ይናገር ነበር። መምህሩ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ያህል፣ በመጨረሻውም እንዲሁ አምስት ደቂቃ ያህል እንዲናገር ተፈቀደለት፤ በመካከል ያለው ጊዜ የሣጥኑ ነበር።

መሣሪያውን ያመጡት ሰዎች ያለ ምክንያት አላመጡትም፤ ምክንያታቸውንም አቃልሎ መናገር ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ትምህርት ቤቶች በያውራጃው ተከፈቱ፤ ለእነዚያ ሁሉ የሚበቃ የፊዚክስና የሒሳብ መምህር ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ አይገኝም። ግድግዳና ጣራ በአንድ በጋ ይሠራል፤ መምህር ግን በአንድ በጋ አይሠራም። በሳይንት ወይም በደላንታ ተራራ ላይ ያለ ልጅ የኬሚስትሪን ነገር ሲማር፣ አንዱ ፈሳሽ ከሌላው ፈሳሽ ጋራ ተቀላቅሎ መልኩን ሲለውጥ በዐይኑ ሳያይ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ፊደል ብቻ ቀድቶ ትምህርቱን ይጨርስ ነበር። በመሣሪያው ግን የሚፈላውን አየ፤ የሚተነውን አየ፤ የሰው ልብ እንዴት ደም እንደሚረጭ፣ ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ እንዴት እንደሚዞሩ ሥዕሉ ሲንቀሳቀስ ተመለከተ። እንግሊዝኛውንም አጥርቶ ከሚናገር ሰው አፍ ሰማ። ለከተማ ልጅ የተሰጠው ትምህርት ሳይጐድል ሳይሸራረፍ ለገጠር ልጅ ይሰጠው ብሎ ማሰብ የፍትሕ ሐሳብ ነው፤ በዚህ ሐሳብ የሚያፌዝ ሰው ቢኖር፣ ልጁን ለከተማ ትምህርት ቤት መስደድ የሚችል ሰው መሆን አለበት።

ነገሩ በሥራ ላይ ሲውል ግን ከዚህ በጎ ሐሳብ ጋራ የማይስማማ ሆኖ ተገኘ። ከኩታበር፣ ከቃሉና ከተሁለደሬ ገጠር መጥቶ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ጠባብ ቤት ተከራይቶ፣ ከቤቱ በሚያመጣው ስንቅ የሚማረው ልጅ እስከ አንደኛ ደረጃ ድረስ አብዛኛውን ነገር የተማረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። ሁለተኛ ደረጃ በገባ ጊዜ ሦስት ባዕድ ነገሮች በአንድ ቀን ገጠሙት። ቋንቋው ባዕድ ነው፤ የተናጋሪው የድምፅ አወጣጥ ባዕድ ነው፤ ትምህርቱም ራሱ አዲስ ነው። በዚህ ላይ ፍጥነቱ ተጨመረ። ልጁ የፊተኛውን ዐረፍተ ነገር በልቡ ወደ አማርኛ ሲመልስ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዐልፈዋል። በደብተሩ ሲጽፍ ሥዕሉ ያልፈዋል፤ ሥዕሉን ሲያይ ጽሕፈቱ ያመልጠዋል። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ የዚያ ሰዓት ትምህርት በሰማይ ዐልፎ ሄደ፤ መብራቱም ቢመለስ ትምህርቱ ካለፈበት አይመለስም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ነበር። በመስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር ዝም ብሎ አይናገርም ነበር፤ ይጠይቃልም። ጥያቄውን ካቀረበ በኋላ ለመልሱ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜውም ሲያልቅ፣ ልጆቹ መልሰውም እንደ ሆነ፣ ባይመልሱም እንደ ሆነ፣ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ይህ በውጭው ሲታይ የመምህር ልማድ ነው። ነገር ግን የጠየቀው መልስ ሊሰማ አይደለም። ምንም ያልተናገረ ልጅ መልስ እንደ ሰጠ ሆኖ ይታለፋል፤ ተሳስቶ የመለሰውም እንዲሁ ይታለፋል። ማንም ሊያታልል አስቦ ያደረገው አይደለም፤ ዳሩ ግን ልጅን በየቀኑ «ተጠየቅህ፤ መለስህ፤ እንቀጥል» ማለት፣ መልሱ ማንንም እንዳላሳሰበ ቀስ በቀስ ያስተምረዋል። ጥቂት ቈይቶም ልጁ መመለሱን ይተዋል። የሚመጣውን መልስ ጠብቆ መቅዳት ይበቃዋልና።

የመምህሩስ ነገር? በጊዜው በተደረጉ ጥናቶች ብዙ መምህራን ሥራቸው ሣጥን መክፈትና ሣጥን መዝጋት ሆኖ እንደ ተሰማቸው ተመዝግቧል። በዚህ ነገር ላይ የመምህሩን ክብር ብቻ አንሥቶ ማዘን አይበቃም፤ ክብር የተነካበት ሰው ታግሦ ሊኖር ይችላል። የሚከብደው ሌላው ነው። መምህሩ በክፍሉ ቆሞ የልጆቹን ፊት ያያል። ስድሳ ልጅ ካለ አርባው ነገሩ እንዳልገባው ከፊታቸው ያነባል። «ቆይ፣ ይህን እንድገመው» ሊል ይወዳል፤ ነገር ግን የሚናገረውን ነገር ሊያስቆም ሥልጣን የለውም፤ ቢያጠፋውም ያለፈው ደቂቃ ካለፈበት አይመጣም። ፈተና ደርሶ ልጆቹ ሲወድቁ ግን «ምን አስተማርህ?» ተብሎ የሚጠየቀው ያው እርሱ ነው። ሥልጣንን ከአንዱ ወስዶ ኃላፊነቱን በዚያው ሰው ትከሻ ላይ መተው በማናቸውም ሕግ ትክክል ሊሆን አይችልም። ሊያስቆም ሥልጣን የነበረው ሰው በሌላ አገር ሆኖ ትምህርቱን ቀርጾ ከጨረሰ ብዙ ወራት ዐልፈዋል፤ እርሱም የደሴን ልጅ ከቶ አያውቀውም።

በዚህ ነገር የወሎ ምድር ሊመሰክር የሚችለው ብዙ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ የመማር አገር ነበርና። ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። የዋድላ የቅኔ ቤት ስሙ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋራ ይጠራል። በቦሩ ሜዳ ያስተማሩት የመምህር አካለ ወልድም ስም ዛሬ በደሴ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጠሪያ ሆኗል። በሌላው ወገን ዳና፣ ጌታና ጀማ ንጉሥ የእስልምና ትምህርት የሚሰጥባቸው ስመ ጥር ቦታዎች ናቸው፤ በዚያም ደረሳው ኪታቡን ይዞ በሼኹ ፊት ተቀምጦ ያነባል፤ ሼኹም ሰምቶ ያቃናዋል።

የቅኔ ቤትን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ያስተውላል። በቅኔ ቤት መምህሩ የሚናገርበት ጊዜ ከሚሰማበት ጊዜ ያነሰ ነው። ተማሪው ጉባኤ ቃናውን ሊቈጥር ብቻውን ወደ ዱር ይወጣል፤ ቃሉን ያመጣል፣ ይጥላል፣ ሰሙን ከወርቁ ጋራ ያስማማል፤ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ይነግራል። ተማሪው በዝቶ መምህሩ አንድ በሆነ ጊዜስ ምን ይደረግ ነበር? መልሱ አስነጋሪ የሚባለው ሰው ነው። ትምህርቱን የገፋው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ የታናናሾቹን ቅኔ ተቀምጦ ይሰማል፤ የጐደለውን ይሞላል፤ የሰበረውን ያቃናል፤ ከእርሱ ዐቅም በላይ የሆነውን ወደ መምህሩ ያደርሰዋል። እንግዲህ መምህር ባነሰ ጊዜ የጥንቱ ትምህርት ቤት ያበዛው ጆሮን ነው። በ1997 ዓ.ም. መምህር ባነሰ ጊዜ ግን እንዲበዛ የተደረገው አንደበት ነው፤ አንዱ ተናጋሪ በሺህ ክፍል ውስጥ ተናገረ፤ በሺሁም ክፍል አንድ ሰሚ አልተጨመረም። ችግሩ አንድ ሆኖ መድኃኒቱ እንዴት እንደ ተለያየ አንባቢ ልብ ይበል።

ይህ ሲባል የጥንቱን ቤት ያለ ነውር አድርጎ ማቅረብ አይገባም። በዚያ ቤት ረኃብ ነበረ፤ አለንጋ ነበረ፤ በአንዱ መምህር ቍጣ ምክንያት ከትምህርት የተሰደደ ባለ ልቡና ልጅ ነበረ። ሴት ልጅ ብዙ ጊዜ ከደጁ አልፋ አልገባችም። መምህሩ የሳተውን ደቀ መዝሙሩም ይስታል፤ ስሕተቱም ትውልድ ተሻግሮ ይኖራል። ከዚህም ጋራ ያ ቤት መሣሪያን የጠላ አልነበረም። በዚሁ በወሎ፣ በሳይንት ባለችው በተድባበ ማርያም የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለድጓ ዜማ ምልክት እንዳበጁለት በትውፊት ይነገራል። ምልክት ድምፅን በብራና ላይ የሚያስቀር መሣሪያ ነው። ከዚያ በፊት በቃል ብቻ ሲተላለፍ የኖረውን ነገር ለዐይን አሳየ፤ ሆኖም ዜማውን የሚሰማውን መምህር አላስቀረም። ምልክቱን ማንበብ የቻለ ደብተራ ሁሉ ድጓ ዐወቀ አልተባለም፤ ሄዶ በመምህር ፊት አዚሞ ማስመስከር ነበረበት።

የብራናና የመስኮት ልዩነት የት ላይ ነው ቢባል፣ የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን በዚህ ነገር የተናገረው አለ። እርሱ በጻፈው መጽሐፍ ሶቅራጥስ ስለ ጽሕፈት ሲከራከር፣ ጽሕፈት ለሰው የመርሳት ምክንያት እንዳይሆን የፈራ አንድ የግብጽ ንጉሥ ታሪክ ይተርካል፤ የተጻፈ ቃልም ጥያቄ ቢቀርብለት ሁልጊዜ ያንኑ ይመልሳል እንጂ ሌላ አይመልስም ብሎ ይነቅፈዋል። ነቀፌታው እውነት ነው፤ መጽሐፍ አይሰማም። ነገር ግን መጽሐፍ አንድ ትልቅ ትዕግሥት አለው፤ ይጠብቃል። አንባቢው በአንድ ገጽ ላይ ሳምንት ቢቀመጥ አይሄድበትም፤ ወደ ኋላ ቢገልጥ አይቈጣውም። ሰው ደግሞ ቢቸኵልም ይሰማል። በሰማይ የሚተላለፈው ትምህርት ግን እንደ ሰው አይሰማም፤ እንደ መጽሐፍም አይጠብቅም። ከሁለቱ ምግባር አንዱን እንኳ ሳይዝ በሁለቱ ቦታ መቀመጡ ነው የሚያስገርመው።

ይህን ያየችው ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም። አሜሪካዊው ኤዲሶን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1913 መጻሕፍት በቅርብ ዘመን ከትምህርት ቤት እንደሚወጡና በሚንቀሳቀስ ሥዕል እንደሚተኩ ተናግሮ ነበር፤ መቶ ዓመት ዐለፈ፤ መጻሕፍቱ ግን በየክፍሉ አሉ። በሰላማዊ ውቅያኖስ ባለችው በአሜሪካ ሳሞኣ ደሴት በ1964 ትምህርት በአብዛኛው በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር፤ ምክንያቱም ያው የመምህር ማነስ ነበር። ዐሥር ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ፣ ይልቁንም ከፍ ባሉት ክፍሎች፣ ተማሪውም መምህሩም ስለ ሰለቸው ቴሌቪዥኑ ወደ ረዳትነት ዝቅ አለ። በኒካራጓ ግን በ1970ዎቹ ሒሳብን በራዲዮ ያስተማሩ ሰዎች ሌላ መንገድ ያዙ። በትምህርቱ መካከል ዝምታን አስቀመጡ፤ በዚያ ዝምታ ልጆቹ ድምፃቸውን አሰምተው ይመልሳሉ። ይህ ብቻ ቢሆን የመስኮቱን መምህር ጥያቄ ይመስል ነበር። እነርሱ ግን ልጆቹን እየፈተኑ የት ላይ እንደ ከበዳቸው መረመሩ፤ ያወቁትንም መሠረት አድርገው ትምህርቱን አረሙት። ራዲዮው ጆሮ ባይኖረው ሠሪዎቹ ጆሮ ሆኑለት። ስለዚህ መስማት ከመሣሪያ ጋራ አይስማማም ማለት አይቻልም፤ ሰሚ የሚሆን ሰው ካልተመደበለት ግን መሣሪያው ራሱን አይሰማም።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ተቀርጾ በስልክና በኮምፒዩተር የሚቀመጥ ትምህርት እንደ መጽሐፍ ይጠብቃል፤ ተማሪው ያስቆመዋል፣ ይመልሰዋል፣ ዐሥር ጊዜ ይሰማዋል። የዜማ ተማሪም ዛሬ የመምህሩን ድምፅ በስልኩ ቀርጾ ሌሊት ይለማመድበታል፤ በዚህም የሚያፍርበት ምክንያት የለም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ትምህርት ለመስጠት ተሞክሯል፤ መብራትና ስልክ ያለው ቤት ተጠቀመ፤ የሌለው ቤት ልጅ ከብት ሲጠብቅ ከረመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ይዞ በቈየ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርስቲ ንብረት ተዘረፈ፤ ወደመ፤ በክልሉ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ሆኑ። ከእንዲህ ያለ መከራ በኋላ ደጁ ሲከፈት፣ ከሁሉ አስቀድሞ መደረግ ያለበት ሥራ ስም መጥራት ነው። ማን መጣ? ማን ቀረ? የቀረውስ ስለ ምን ቀረ? ስም ጠርቶ ዝምታ ሲመልስለት የሚደነግጥ ሰው ለዚያ ጊዜ ያስፈልጋል።

የሚጠብቅ መሣሪያ ቢገኝም አንድ ስውር ጕዳት አለበት። ጥሩ ሥዕልና ጥሩ ንግግር ለሚያየው ሰው ሁሉን ግልጽ ያደርግለታል፤ ግልጽ የሆነለትም ሰው ዐወቅሁ ብሎ ያስባል። ዘፈን ደጋግሞ የሰማ ሰው ራሱ መዝፈን የሚችል እንደሚመስለው ዐይነት ነው። ያወቀና ዐወቅሁ ያለ የሚለዩት ተናገር ሲባሉ ነው፤ ተናገር የሚል ደግሞ ሰሚ ነው። በዚህ ምክንያት ተማሪው ብቻውን ከስልኩ ጋራ በቀረ መጠን፣ ስሕተቱን የሚሰማለት ሰው የማግኘቱ አስፈላጊነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

መሣሪያው ከሰው የሚበልጥበት ቦታ ደግሞ አለ፤ እርሱንም ለይቶ ማወቅ ይገባል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የታወቀ ነው፤ የወሎ ዩኒቨርስቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም በዚያ ነው። በሽመና መኪና ላይ ማጉ በድሩ መካከል ሲያልፍ ዐይን ሊከተለው አይችልም። ልጅ በመኪናው አጠገብ ሙሉ ቀን ቢቆም ጫጫታ እንጂ ሌላ አያተርፍም። የተቀረጸ ሥዕል ግን ያን ፈጣን ነገር ያዘገየዋል፤ ክሩ የት ላይ እንደሚበጠስ ያሳያል። መምህሩም በዚያ ላይ አቁሞት «አሁን ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልጆቹ ይከራከራሉ፤ ከዚያ በኋላ ለቅቆት ያያሉ። እዚህ ላይ መሣሪያው ሰው ሊያደርገው የማይችለውን አደረገ፤ መምህሩም መሣሪያው ሊያደርገው የማይችለውን አደረገ። ይህ የሆነው መሣሪያውን ለማስቆም ሥልጣኑ በመምህሩ እጅ ስለ ነበረ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «ሥልጣኑን ለመምህሩ ስጡት ትላላችሁ፤ መምህሩ ራሱ ደካማ ቢሆንስ? ሥዕሉን ከፍቶ ከበር ውጭ ቢቆምስ? ፕላዝማው የመጣው እንዲህ ያለው መምህር ስለ በዛ አይደለምን?» ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት። እንዲህ ያለ መምህር ነበረ፤ ዛሬም አለ። ፕላዝማውን ያቆሙት ሰዎች መምህሩን አላመኑትም ነበር፤ ባለማመናቸውም ፈጽመው ተሳሳቱ ማለት ያስቸግራል። ዳሩ ግን ያልታመነ ሰው የሚታመን ሆኖ የሚያድግበት መንገድ በዚያው ተዘጋበት። በየክፍለ ጊዜው ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚናገር መምህር በዐሥር ዓመት ውስጥ ጥሩ መምህር ሊሆን አይችልም፤ ጥሩ የነበረውም ልማዱን ይረሳል። በሌላው ወገን ደግሞ መምህሩ እስኪበረታ ድረስ ይጠበቅ ቢባል፣ የጥበቃው ዋጋ የሚከፈለው በዚያ ዓመት በዚያ ክፍል በተቀመጡት ልጆች ነው፤ እነርሱም ዘጠነኛ ክፍልን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገኙት። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን ያለ ኀዘን መተው የሚችል ሰው ነገሩን በሚገባ አልመዘነውም። ሊነገር የሚችለው ይህ ነው። ለመሣሪያው ከሚወጣው ገንዘብና ድካም ጋራ እኩል የሆነ ነገር ለሰሚዎች ያልወጣ እንደ ሆነ፣ የ12ኛ ክፍሉን ልጅ ለ9ኛው አስነጋሪ እስከ ማድረግ እንኳ ያልታሰበ እንደ ሆነ፣ መሣሪያው የመጣው ልጁን ለመርዳት መሆኑን ማስረዳት ያስቸግራል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የሚጠይቁትን ሰምቶ የሚመልስ መሣሪያ ወጥቷል፤ ሰው በጽሕፈትም በድምፅም ይጠይቀዋል፤ እርሱም እንደ ጥያቄው ይመልሳል። ስለዚህ «መሣሪያ አይሰማም» የሚለው ክርክር ከእንግዲህ ወዲያ ብቻውን አይቆምም። ሆኖም በመጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ ባለበት ነው፤ የተጠየቀው ስለሚጠየቀው ሰው ነበርና። ሰምቶ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ልጁ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ከቃሉ ገበሬዎች አንዱ፣ ልጁ በፈተና የወደቀበት አባት፣ ጋቢውን አጣፍቶ ዱላውን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ትምህርት ቤት ይመጣል። በደጁ ቆሞ «የልጄን መምህር ጥሩልኝ» ይላል። በፕላዝማው ዘመን ተጠርቶ የሚወጣው ያ አምስት ደቂቃ የተፈቀደለት ሰው ነበር፤ እርሱም ለአባትየው ስለ ልጁ ምን ሊነግረው ይችል ነበር?